የአፈር እርከን በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ለምን ይበጠሳል? ዝናቡ ሲያጥርስ ይጠቅማል?

ወይና ደጋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ 2,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስላለ ማሳ ነው። ስፋቱ 1 ሄክታር፣ በአገሩ ልክ 4 ጥማድ ነው። ተዳፋቱ 10 በመቶ ሲሆን አፈሩ ቡናማ ነው፤ 70 ሴንቲ ሜትር ሲቆፈር አለት ይገኛል። ማሽላና ጤፍ ይፈራረቁበታል። ከማሳው በላይ ቁጥቋጦው የተመናመነ፣ ከብት ዓመቱን ሙሉ የሚውልበት ኮረብታ አለ። ከግርጌው ደግሞ 2 ሜትር የጠለቀ ቦረቦር ወደ ላይ እየበላ ይመጣል።

የዝናቡን ነገር ታውቁታላችሁ። በልጉ አንድ ዓመት ቢመጣ በሚቀጥለው ይቀራል። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባና ሐምሌ ላይ በአንድ ከሰዓት የሳምንቱን ያወርደዋል። እህሉ ፍሬ ሊይዝ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀጥ ይላል።

የካቲት ላይ የተሠራው የአፈር እርከን ሐምሌ ላይ ሦስት ቦታ ተበጠሰ። ከተበጠሰበት በታች ያለው እርሻ እርከን ከሌለው ጎረቤት ማሳ የባሰ ተጠረገ። አሁን ሽማግሌዎቹ «እርከን መሬት ይበላል፣ አይጥና ፍልፈል ያራባል» ብለው መልሶ ለማፍረስ እየመከሩ ነው። ለምን ተበጠሰ? በትክክል ከተሠራስ ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት እህሉን ያተርፋል? የሚወስደውን መሬት ያህል ይመልሳል? በቁጥር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ በቁጥር ካልሆነ ማንንም ማሳመን አይቻልም።


ውሃ ልክ

በቁጥር ካሉ እንግዲህ ከውሃው እንጀምር።

በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1.5 ሜትር ይሁን። ስለዚህ የአግድም ርቀታቸው 15 ሜትር ነው። እያንዳንዱ የእርከን ሜትር 15 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደውን ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። በአንድ ከሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ ወደ ጎርፍ ቢለወጥ፣ በአንድ ሜትር እርከን ላይ 450 ሊትር ይመጣል።

እርከኑስ ስንት ይይዛል? እርከን ማለት ከላይ በኩል የተቆፈረ ቦይና ከታች በኩል የተከመረ አፈር ነው። ቦዩ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው በሜትር 250 ሊትር ነው። ከቦዩ አፍ በላይ ውሃው ክምሩን ተደግፎ 30 ሴንቲ ሜትር ቢቆም፣ በዚህ ተዳፋት ወደ ኋላ 3 ሜትር ይተኛል፤ ይኸም ሌላ 450 ሊትር ነው። በድምሩ 700 ሊትር። 450 ለሚመጣበት እርከን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

አሁን የተበላሸውን እርከን ያስቡ። ቦዩ በደለል ሞልቷል፣ ክምሩ ሰጥሞ ውሃ ሊያቆም የሚችለው 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ውሃው ወደ ኋላ የሚተኛው 1.5 ሜትር ይሆናል፣ መጠኑም 110 ሊትር ገደማ። ከፍታው በግማሽ ሲቀንስ የሚይዘው ውሃ ወደ ሩብ ይወርዳል። 450 ሊትር እየመጣበት 110 የሚይዝ እርከን ይሞላና በላዩ ላይ ይፈሳል፤ በላዩ የፈሰሰ ውሃ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ክምሩን ይቆርጠዋል። ከዚያ 40 እና 50 ሜትር ላይ ተኝቶ የነበረው ውሃ ሁሉ በአንዲት ቀዳዳ ይወጣል። ከእርከን አልባው ማሳ የባሰ የተጠረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅየሳው ቢዛባም ውጤቱ ያው ነው። 60 ሜትር የሚረዝም እርከን አንዱ ጫፍ ከሌላው 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ዝቅ ባለው ጫፍ ውሃው 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በላይኛው ጫፍ ገና 10 ነው። ግማሹ እርከን ሥራ ሳይጀምር ግማሹ ሞልቶ ይፈሳል። እርከኑ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚበጠስ ከሆነ አፈሩን አይውቀሱ፤ ያቺ ቦታ ዝቅተኛዋ ናት።

ቅየሳው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሁለት ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያሉ እንጨቶች በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ተደርጎባቸው፣ 10 ሜትር የማይሳብ ሲባጎና በገመድ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የግንበኛ ውሃ ልክ ይበቃል። ሲባጎው በሁለቱም እንጨት ላይ እኩል ምልክት ላይ ይታሰራል። ውሃ ልኩ በትክክል መሃል፣ 5 ሜትር ላይ ይንጠለጠላል። ሲባጎ ሁልጊዜ ትንሽ ይረግባልና ውሃ ልኩ 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ንባቡ ይዋሻል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አረፋውን መሃል ያድርጉና ውሃ ልኩን ፊቱን አዙረው መልሰው ይስቀሉት። አረፋው መሃል ካልቆየ ውሃ ልኩ የተበላሸ ነው፣ አይቀይሱበት። ነፋስ ባለበት ከሰዓትም አይቀየስም፤ ጠዋት ይሻላል። የእንጨቱ እግር ድንጋይ ላይ ወይም ትልም ውስጥ እንዳይቆም መጠንቀቅ ነው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦዩ ከላይ፣ ክምሩ ከታች ይሆናል። በሁለቱ መካከል 25 ሴንቲ ሜትር ያልተነካ መሬት ይቀራል፤ ያ ከሌለ ክምሩ ወደ ቦዩ ይናዳል። ክምሩ ከተጠቀጠቀ በኋላ ቁመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ የሥሩ ስፋት ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ የአናቱ 30 ሴንቲ ሜትር። ቦዩ ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ሳይቆፈር የሚቀር ማቋረጫ ይተዉ። ውሃው ወደ ዝቅተኛው ቦታ እንዳይሮጥ የሚያደርገው እርሱ ነው። አንድ እርከን ከ60 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቢበጠስ እንኳ የሚወጣው ውሃ ትንሽ ይሆናል።

መጠቅጠቁ ላይ ደግሞ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻው ወቅት ራሱ ችግር አለበት። ጥርና የካቲት አፈሩ ደረቅ ነው፤ ደረቅ አፈር በእግር ቢረገጥ አይያያዝም። ስለዚህ በየ15 እና 20 ሴንቲ ሜትሩ ድርብርብ እየረገጡ መከመር፣ ከዚያ የበልግ ካፊያ ሲጥል ተመልሶ እርጥቡን መጠቅጠቅና የሰመጠውን መሙላት። ብዙ ቦታ ሥራው የካቲት ላይ ተቆጥሮ ያልቃል፣ ሁለተኛው ዙር ግን አይደረግም። የሐምሌው ብጣሽ የሚዘጋጀው ያን ጊዜ ነው።

የሰው ጉልበቱን ልጨምር፦ የአፈር እርከን በኪሎ ሜትር 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው) ይታሰብለታል፣ ፋኛ ጁ (አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን) 200፣ የድንጋይ እርከን 250። በ15 ሜትር ርቀት 1 ሄክታር ላይ 670 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ይኸም 100 የሰው ቀን ነው።


ደሾ

ከላይ የተጻፈው ስሌት ልክ ነው፣ አልከራከርበትም። ነገር ግን «ዝናቡ ሲያጥር ይጠቅማል ወይ» የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ ለእኔ ዋናው እርሱ ነው።

እርከኑ ያቆመው 450 ሊትር በ15 ካሬ ሜትር ቢካፈል 30 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሬ የሚይዝ ማሽላ በዚያ ወቅት በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይጠጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያመለጠ የነበረው ጎርፍ ሲያዝ የአንድ ሳምንት ያህል መጠጥ ይሆናል። ይህ በወረቀት ነው። በማሳው ላይ ግን ውሃው እኩል አይካፈልም፤ የሚሰርገው ቦዩ አካባቢ ነው። መስከረም ላይ ማሳው ዳር ቆመው ቢያዩ ከእርከኑ በላይ ያለው 3 እና 4 ሜትር አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ይጠወልጋል። ስለዚህ መሃሉ የራሱ ሥራ ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው እርሻ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሁን። በሬ ሁለት ጊዜ እያቋረጠ ሲታረስ አንደኛው ትልም ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። የመጨረሻው አግድም ከሆነ ግን እያንዳንዷ ትልም ትንሽ እርከን ትሆናለች። በማሽላው ሽልሻሎ ሲደረግ (ከበቀለ በኋላ በመሃሉ ሲታረስ) ትልሙን በየ3 እና 4 ሜትሩ በአፈር ማቋረጥ ነው፤ ዝናቡ ትልሙ ውስጥ ቆሞ ይሰርጋል። ይህን ግን ውሃ በሚቋጥር አፈር ላይ እንዳታደርጉት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የአፈሩ ጥልቀት ነው። መካከለኛ አፈር በየ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀቱ ተክሉ ሊጠቀምበት የሚችል ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ውሃ ይይዛል። የእርስዎ 70 ሴንቲ ሜትር አፈር እንግዲህ ከ85 እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሚይዝ ጋን ነው። 10 ሴንቲ ሜትር በተጠረገ ቁጥር ጋኑ የሦስት ቀን ውሃ ያህል ይጠባል፤ ያ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ዝናብ ቢዘንብም አይመለስም። አየሩ በተለዋወጠ ቁጥር ድርቁን የሚያሻግረው የጋኑ መጠን ነው። ለሽማግሌዎቹ የምነግራቸው ይህንኑ ነበር፦ እርከኑ የሚጠብቀው የዘንድሮን እህል ብቻ ሳይሆን ጋኑን ራሱን ነው። ኮምፖስትና የእበት ፍግም ሥራቸው እዚህ ላይ ነው፤ አፈሩ ፍርፍር ሲል ውሃውን ያስገባል፣ ገጹ እንደ ድስት ክዳን አይደፈንም።

መሬት ይበላል የሚሉት ግን እውነታቸውን ነው። ቦዩ 50፣ ያልተነካው 25፣ ክምሩ 120፤ በድምሩ ወደ 2 ሜትር ነው። ከ15 ሜትር ላይ 2 ሜትር ሲወጣ 13 በመቶ። ከጥማዷ ሰባተኛ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ደብቆ ገበሬ ማሳመን ነውር ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት ቦዩ አጠገብ ሥረኛው አፈር ስለሚወጣ ምርቱ እንዲያውም ይቀንሳል። ስለዚህ ያ 2 ሜትር ባዶ መቆየት የለበትም።

ሣር ይተከልበት። ደሾ በ2,200 ሜትር ከፍታ በደንብ ይይዛል፣ ከብትም ይወደዋል። ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ አፈሩ እስከ ክንድ ድረስ ሲርስ፣ ከሥሩ ተገንጥሎ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ በአንድ ላይ፣ ቅጠሉ ተቆርጦ 20 ሴንቲ ሜትር ሲቀር፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ ክምሩ ላይ ይተከላል። የተገነጠለው ሥር ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል፤ ጠዋት ተገንጥሎ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ በዚያው ቀን ይተከል። ቬቲቨር የተባለው ሣር ሥሩ በጣም ጠልቆ ስለሚገባ ክምሩን ከደሾ የበለጠ ይይዘዋል፤ ሲያድግ ግን ከብቱ አይበላውም፣ ለቤት ክዳን ነው የሚሆነው። ቆላማውን ይወዳል፤ ውርጭ ባለበት ደጋ አይሄድም። በደጋው ፋላሪስ ሣርና ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ይመረጣሉ። በአንድ መስመር ትሪ ሉሰርን ወይም ሰስባኒያ መሃል መሃል ቢገባ ለመኖ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ግን እርከን ላይ አታስገቡ፤ ውሃውን ለእህል አይተውም።

አይጡና ፍልፈሉም ተረት አይደለም። ፍልፈል ክምሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ውሃው በጉድጓዷ ገብቶ በታች በኩል ይወጣል፣ ከላይ የተበጠሰ ሳይመስል ከውስጥ ይናዳል። የድንጋይ እርከን ላይ ደግሞ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ለአይጥ ቤት ይሆናል። ትላልቆቹ ድንጋዮች መካከል ጠጠር ይጠቅጠቅ፣ በላይኛው ፊት አፈር ይለበጥ። በየሰኔው ክምሩን እየተራመዱ ማየት፣ የተገኘውን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ቆፍሮ እርጥብ አፈር መጠቅጠቅ። አፉን ብቻ መድፈን ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ላስምርበት፦ ይህ ሁሉ የሚቆመው ከአጨዳ በኋላ ከብት ማሳው ላይ ካልተለቀቀ ነው። ልቅ ግጦሽ ባለበት እርከን በሁለት ዓመት ውስጥ በኮቴ ይፈርሳል፣ ሣሩም ከሥሩ ይነቀላል። ሣሩ ታጭዶ ለታሰረ ከብት ይቅረብ።


ፈሰስ

ይህን ክር የምታነቡ ከጎጃምና ከሌሎች ዝናባማ አካባቢዎች ያላችሁ፣ እባካችሁ ከላይ ያለውን እንዳለ አትቅዱት። ከላይ የተሰላው ውሃውን እዚያው ለሚያሰርግ ለጥ ያለ እርከን ነው። ለወሎው ማሳ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉውን በሚዘንብበት ቦታ ግን ለጥ ያለ እርከን ከላዩ ያለውን ሰብል በውሃ ያሰምጠዋል፤ ቢጫ ይሆንና ይቀራል፣ ከዚያ ገበሬው በገዛ እጁ እርከኑን ቀዶ ውሃውን ይለቃል። የቀደደው ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ቦረቦር ነው።

በእንዲህ ያለ ቦታ እርከኑ ተዳፋት ይሰጠዋል። በ10 ሜትር ሲባጎ ላይ አንደኛው እንጨት 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል 0.5 በመቶ ይሆናል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 1 በመቶ። ከ1 በመቶ አይለፍ፤ ውሃው ራሱ ቦዩን መቆፈር ይጀምራል። የሚፈስበት የውሃ መውረጃ ደግሞ ከእርከኑ በፊት፣ ቢቻል በአንድ ክረምት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ሣር መልበስ አለበት። ብዙ ዘመቻ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እርከኖቹ ያምራሉ፣ ውሃቸውን የሚጥሉበት ግን የጎረቤት ማሳ ወይም የመንገድ ዳር ነው። በነገራችን ላይ የቀድሞዎቹ ገበሬዎች በማረሻ የሚያወጡት ፈሰስ (የውሃ ማውጫ ትልም) ችግሩን የተረዳ ሥራ ነው፤ የጎደለው ተዳፋቱ መጠኑን አለመጠበቁ ነው። ቁልቁል ሲወጣ ራሱ ቦረቦር ይሆናል።

መረሬ አፈር ላይም እንዲሁ ነው። በበጋ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ የአፈር ክምር ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ስንጥቁን ተከትሎ ይገባና ያፈርሰዋል። እዚያ መደቡን ከፍ አድርጎ ትርፉን ውሃ ማውጣት ነው ሥራው።

በፋኛ ጁ ቦዩ ከታች፣ አፈሩ ወደ ላይ ነው የሚጣለው። ጉልበቱ ይበዛል፤ ነገር ግን ከላይ የሚመጣው ደለል ክምሩ ላይ ተደግፎ ሲቆይ፣ ከቦዩ የሚወጣው ደለልም በየዓመቱ ክምሩ ላይ ሲጣል፣ ተዳፋቱ ቀስ እያለ እንደ ደረጃ ለጥ ወዳለ መደብ ይለወጣል። በአንጀኒ፣ ጎጃም ውስጥ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ዛሬ መደብ ሆነው ይታያሉ። አንጀኒና የወሎው ማይባር የአፈር መሸርሸር ለዓመታት የተለካባቸው ጣቢያዎች ናቸው፤ ማይባር በ1981 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው፣ ለእርስዎም ሩቅ አይደለም። እርከን በአንድ ዓመት አይፈረድበትም ለማለት ነው። የኮንሶን የድንጋይ እርከኖች ያስቡ፤ አንዳንዱ 5 ሜትር ይቆማል። ከ400 ዓመት በላይ የቆዩት በየትውልዱ እየተጠገኑ ነው።


ወይና ደጋ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ ቁጥሮቹን ጽፌ ወስጃለሁ። አንድ ችግር አለ። ለማሳው ብቻ 100 የሰው ቀን ካስፈለገ፣ በዚህ በጋ የሚገኘው ጉልበት ጠቅላላው ያንን ያህል ብቻ ነው። ኮረብታው አለ፣ ቦረቦሩም አለ። ከየት ይጀመር? ቦረቦሩ ወደ ማሳው 6 ሜትር ያህል ቀርቶታል፤ ሰዉ ሁሉ «ክትር (በቦረቦሩ ውስጥ የሚሠራ የድንጋይ ግድብ) ይሠራ» እያለ ነው።


ክትር

ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ቦረቦሩ በሽታው ሳይሆን የበሽታው ምልክት ነው። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ሳይቀነስ ከታች ክትር ቢሠራ ድንጋዩ በአንድ ክረምት ይወሰዳል።

ኮረብታው ደግሞ ብዙ ቁፋሮ አይጠይቅም። መከለል ነው። ከብትና እንጨት ለቀማ ሲቀር መጀመሪያ ሣሩ፣ ከዚያ ሥሩ ያልሞተው ቁጥቋጦ ይነሣል። በሁምቦ፣ ወላይታ ውስጥ፣ 2,728 ሄክታር ኮረብታ መልሶ የለማው በአብዛኛው ከጉቶ በሚወጣ ቅርንጫፍ ነው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ከመካከሉ ጠንካራና ቀጥ ያሉ ከ1 እስከ 3 ይመረጣሉ፣ ሌላው ይቆረጣል፣ የተመረጡትም ከታች ጀምሮ እስከ ቁመታቸው ግማሽ ይመለመላሉ። የተቆረጠው ማገዶ ይሆናል። ሥሩ ቀድሞ መሬት ውስጥ ስላለ ድርቅ ቢመጣ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ይቋቋማል። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃም ኮረብታው ተከልሎ፣ ጎርፉ በየቦታው እንዲሰርግ ተደርጎ የደረቁ ጉድጓዶች ውሃ መልሰዋል፤ መንደሩ በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው።

ነገር ግን ኮረብታው የወል ነው፣ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ክልከላ በአዋጅ ብቻ አይጸናም። ከብቱ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ካልተመለሰ በሌሊት ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮረብታው በሙሉ ሳይሆን ግማሹ ይከለል፤ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ፣ ሣሩ በስንት ወር እንደሚታጨድ፣ ለማን ስንት ሸክም እንደሚደርስ፣ በግ እንኳ የሌላት ባልቴት ድርሻዋን ሸጣ እንድትጠቀም፣ ንብ ማነብ ለወጣቶቹ እንዲሰጥ። ጠባቂው ከሣሩ ሽያጭ የሚከፈለው ሲሆን ክልከላው ይቆያል።

የሰው ቀኑን እንዲህ እከፍለዋለሁ። ከኮረብታውና ከማሳው መገናኛ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ በ0.5 በመቶ ተዳፋት፣ ሣር ወዳለበት ወይም ድንጋያማ ወደሆነ የተፈጥሮ መውረጃ የሚያወጣ። ከዚያ የማሳው የላይኛው ግማሽ እርከን፤ 50 የሰው ቀን ነው። የታችኛው ግማሽ ለሚቀጥለው በጋ ይቆይ። ግማሹን በትክክል መሥራት ሙሉውን በግድየለሽነት ከመሥራት ይሻላል፤ ከላይ ያለው ካልተበጠሰ የታችኛውም ጫናው ይቀንሳል።

ቦረቦሩ ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ይደረግለት፦ አናቱ ይያዝ። ወደ ማሳው የሚበላው አናቱ ላይ የሚወድቀው ውሃ ነውና ያንን ውሃ ከአናቱ 3 እና 4 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ጎን ማዞር። ገደሉ ተቆርጦ በ45 ዲግሪ ተዳፋት ይስተካከልና በድንጋይ ይለበጥ፣ በዝናብ መግቢያ ሣር ይተከልበት። ከብት በምንም መንገድ እንዳያልፍበት እሾህ ይታጠር።

ክትሩ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ርቀቱ እንዲህ ይወሰናል፦ የታችኛው ክትር ማስተንፈሻ (ውሃው የሚያልፍበት ዝቅ ያለው መሃሉ) ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። የቦረቦሩ ወለል ተዳፋት 10 በመቶ፣ ክትሩም 1 ሜትር ከሆነ በየ10 ሜትሩ ማለት ነው። መሠረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ይቆፈር፣ ሁለቱም ጎን ወደ ግድግዳው ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይግባ። መሃሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ ውሃው በመሃል ካልሄደ በጎን ዞሮ ክትሩን ያስቀረዋል፣ ቦረቦሩም ይሰፋል። ከማስተንፈሻው ሥር ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ ተቀብሮ ይነጠፍ። ክብ የወንዝ ድንጋይ ስለሚንሸራተት ጠርዝ ያለው ይመረጥ። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) የግድ አይደለም፤ 1 ሜትር ለሚሆን ክትር በደንብ የተደራረበ ድንጋይ ይበቃል።


ውሃ ልክ

በሁሉም እስማማለሁ፤ በመቀልበሻው ቦይ ላይ ግን ላስጠንቅቅ። መውረጃው ሣር ሳይለብስ የኮረብታውን ጎርፍ በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ መጣል አዲስ ቦረቦር መውለድ ነው። ዘንድሮ የተፈጥሮ ሣር ወይም አለት ያለው መውረጃ ከሌለ ቦዩን አይቆፍሩት። በምትኩ ኮረብታው ግርጌ ላይ የቦይ ቅርጽ ያላቸውን አጫጭር ጉድጓዶች፣ 3 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያላቸውን፣ እየተፈራረቁ ሁለት ሦስት ረድፍ ያስቆፍሩ። እያንዳንዱ 750 ሊትር ይይዛል፣ ሲሞላም በአንድ ቦታ አይለቀውም። በመካከላቸው ወይራና ግራር ቢገባ ውሃው አይባክንም።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት አካፋ ይዘው ሁሉንም እርከን በእግር ይዙሩ። ውሃው ክምሩ ላይ የደረሰበትን የደለል መስመር ያገኛሉ። መስመሩ ወደ አናቱ የተጠጋበት ቦታ ዝቅተኛው ነው፤ በዚያው ቀን፣ አፈሩ እርጥብ እያለ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉና ይጠቅጥቁት። ሁለተኛው ዝናብ ሳይመጣ ማለት ነው።